ቶካሬቭ ወይስ ማካሮቭ? ለአንድ ሽጉጥ ብቻ አቅም ላለው ሰው

ሐይቅ ከተማ የሄድኩት ለአንድ አብሮ አደግ ወዳጄ አባት አርባ ነበር። ሟቹ በደርግ ዘመን ወታደር የነበሩ፣ በኋላም በእርሻ የኖሩ ሰው ናቸው። እንግዳው ከተበተነ በኋላ ወዳጄ ከአልጋ ሥር አንድ የቆርቆሮ ሳጥን ጎትቶ አወጣ። በአሮጌ ነጠላ የተጠቀለሉ ሁለት ሽጉጦች ነበሩበት። አንዱ ረዘም ብሎ ጠፍጣፋ የሆነ ቶካሬቭ፣ ሁለተኛው አጠር ደልደል ያለ ማካሮቭ። ሁለቱም በአባቱ ስም የተመዘገቡ ናቸው።

“ወንድሜ፣ እኔ አስተማሪ ነኝ። ሁለቱንም ልያዝ ብል ደመወዜ አይችለውም። የቱን ላስቀር?” አለኝ።

ጥያቄው የእርሱ ብቻ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴንና ሐይቅን ካዳረሰ ወዲህ “አንድ ነገር ቤቴ ይኑር” የሚል ሰው በዝቷል። ለመሆኑ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው? ለወዳጄ የነገርኩትን በቅደም ተከተል ላስቀምጠው።

ከየት መጡ?

አካባቢው ለጦር መሣሪያ ወሬ እንግዳ አይደለም። በ1881 ዓ.ም. ምኒልክ ከጣሊያን ጋር የተዋዋሉባት ውጫሌ የምትገኘው እዚያው አምባሰል ውስጥ ነው። ከዚያ ዘመን ጀምሮ የገበሬው ኩራት ጠመንጃ እንጂ ሽጉጥ አልነበረም። ሽጉጥ የሹምና የመኮንን ዕቃ ነበር። የሶቪየት መሣሪያ በገፍ መግባት የጀመረው ከ1969 ዓ.ም. በኋላ፣ ደርግ ፊቱን ከአሜሪካ ወደ ሞስኮ ሲያዞር ነው።

ቶካሬቭ የሚጠራው በሠሪው በፊዮዶር ቶካሬቭ ስም ነው። የሶቪየት ጦር በ1930 እ.ኤ.አ. ተቀብሎት፣ በ1933 ተሻሽሎ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አገልግሏል። ማካሮቭን የሠራው ኒኮላይ ማካሮቭ ሲሆን፣ በ1951 እ.ኤ.አ. የቶካሬቭ ምትክ ሆኖ ሥራ ላይ ዋለ። ቻይና ሁለቱንም በራሷ ፋብሪካ አምርታለች፤ የቻይናው ቶካሬቭ “ዓይነት 54”፣ የቻይናው ማካሮቭ “ዓይነት 59” ይባላል። ስለዚህ አንድን ሽጉጥ “የሩሲያ ነው” ብሎ ከመደምደም በፊት ብረቱ ላይ ያለውን ምልክት ማየት ይገባል።

በቁጥር ሲነጻጸሩ

ቶካሬቭ ርዝመቱ 19 ሴንቲ ሜትር ከግማሽ ያህል፣ ክብደቱ ባዶውን 850 ግራም ገደማ ነው። ማካሮቭ 16 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሆኖ 730 ግራም ይመዝናል። የሁለቱም ካዝና 8 ጥይት ይይዛል።

ትልቁ ልዩነት ጥይቱ ላይ ነው። ቶካሬቭ የሚተኩሰው 7.62 በ25 ሚሊ ሜትር የሆነውን ቀጭንና ፈጣን ጥይት ሲሆን፣ ፍጥነቱ በሰከንድ ከ420 ሜትር በላይ ይደርሳል። የማካሮቭ ጥይት 9 በ18 ሚሊ ሜትር ነው፤ ፍጥነቱም በሰከንድ 315 ሜትር ገደማ ነው። በጉልበት ሲሰላ የመጀመሪያው ወደ 500 ጁል፣ ሁለተኛው ወደ 300 ጁል ይሆናል።

“ታዲያ ጉልበታሙ አይሻልም?” የሚል አይጠፋም። ወዳጄም ይህንኑ ጠይቆኛል። የምንኖረው ግን በጭቃና በቆርቆሮ ቤት፣ ግድግዳ ለግድግዳ ተጠጋግተን ነው። የቶካሬቭ ጥይት የጭቃ ግድግዳ አያቆመውም፤ ጎረቤት ቤት ይገባል። የማካሮቭም ቢሆን ቆርቆሮን ይበሳል። ሆኖም በሽጉጥ በእርግጠኝነት የሚመታበት ርቀት ከ25 ሜትር የማይዘልል ስለሆነ፣ የቶካሬቭ ትርፍ ጉልበት ለቤት ሰው ጥቅሙ ትንሽ፣ ጉዳቱ ብዙ ነው።

ሴፍቲ

ለእኔ ወሳኙ ነጥብ ይህ ነው። የጥንቱ ቶካሬቭ በእጅ የሚዘጋ ሴፍቲ የለውም። ያለው ነገር መዶሻውን ወደ ኋላ በግማሽ ስቦ ማቆም ብቻ ነው። ያቺ ግማሽ ማቆሚያ ከዕድሜ ብዛት ስትበላ ታንሸራትታለች። ጥይት የጎረሰ ቶካሬቭ ከእጅ ወድቆ ሊተኩስ ይችላል።

ይህን የምለው ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። ልጅ ሳለሁ የአጎቴ ቶካሬቭ በሠርግ ቤት ከወገባቸው ወድቆ ተኮሰ። ጥይቱ ቡና በምታፈላው ሚስታቸው አጠገብ አልፎ ጣሪያውን በስቶ ወጣ። ሰው አልተጎዳም። አጎቴ ግን ከዚያ ቀን በኋላ ሽጉጥ ታጥቀው አላየኋቸውም።

ማካሮቭ ላይ በስተግራ በኩል ከላይኛው ተንሸራታች ብረት ጋር የተያያዘች ሴፍቲ አለች። ወደ ላይ ስትገፋ የተቀባበለውን መዶሻ ያለ ተኩስ ታወርደዋለች፤ መዶሻውንና ተንሸራታቹን ብረትም ትቆልፋለች። በተጨማሪም መዶሻው ወርዶ ሳለ የመጀመሪያው ጥይት የሚተኮሰው ምላጩ ረጅምና ከበድ ባለ ስበት ሲሳብ ነው። ቶካሬቭ ግን መዶሻው አስቀድሞ ካልተሳበ አይተኩስም፤ ከተሳበ ደግሞ በትንሽ ስበት ይተኩሳል። ልጆች ላሉበት ቤት የትኛው እንደሚሻል ግልጽ ነው።

ጥገናና ወጪ

ማካሮቭ ክፍሎቹ ጥቂት ናቸው። በርሜሉ ከእጀታው አካል ጋር የተጣበቀ ሲሆን ሞላው በበርሜሉ ዙሪያ ይጠመጠማል። ቶካሬቭ በርሜሉ ከተንሸራታቹ ጋር ተቆልፎ ትንሽ ወደ ኋላ የሚሄድ ነው፤ ጠንካራውን ጥይት የሚችለውም በዚህ ምክንያት ነው። ለቶካሬቭ ልንመሰክርለት የሚገባ ነገርም አለ፤ የመዶሻው ክፍል ተሰብስቦ በአንድ ላይ ስለሚወጣ ለማጽዳት ይመቻል።

አቅሙ ውስን የሆነ ሰው ማሰብ ያለበት ሽጉጡን ብቻ አይደለም። የሚቆለፍ የብረት ሳጥን፣ አዲስ ሞላ፣ ዘይት፣ በሕጋዊ መንገድ የሚገኝ ጥይት፣ ለፈቃድ የሚባክን ጊዜ ሁሉ ወጪ ነው። ሳጥኑን መግዛት የማይችል ሰው ሽጉጡንም አልቻለም ማለት ነው።

ስለ ጥይት ሁለት ማስጠንቀቂያ ልጨምር። አንደኛ፣ “ዘጠኝ ሚሊ ሜትር” የተባለ ሁሉ አንድ አይደለም። ለብራውኒንግና ለመሰሎቹ የሚሆነው 9 በ19 ጥይት ለማካሮቭ አይሆንም። የቶካሬቭም ጥይት ከጥንቱ የማውዘር ሽጉጥ ጥይት ጋር በመልክ ቢመሳሰልም ጉልበቱ ስለሚበልጥ አሮጌ ማውዘር ላይ መሞከር አደጋ አለው። ሁለተኛ፣ የድሮው የሶቪየትና የቻይና ጥይት ሲተኮስ ብረት የሚበላ ጨው ይተዋል። ጨውን ዘይት አያወጣውም። በሳሙና ውኃ አጥቦ፣ በደንብ አድርቆ፣ ከዚያ ዘይት መቀባት ያስፈልጋል።

ሲመረመር

ከሁሉ በፊት ካዝናው ይውጣ፤ ቀጥሎ ተንሸራታቹ ተስቦ ውስጡ ባዶ መሆኑ በዓይንም በጣትም ይረጋገጥ። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ፣ ካዝናው ሳይወጣ የተሳበ ሽጉጥ ሌላ ጥይት ይጎርሳል። ከዚያ በርሜሉ ውስጥ የዝገት ጉድጓድ ወይም እብጠት፣ ተንሸራታቹ ላይ ስንጥቅ መኖሩ ይታይ። በየክፍሉ ያለው ቁጥር አንድ መሆኑም ይመርመር። የወዳጄ ቶካሬቭ በርሜሉ በዝገት ተበልቶ፣ ግማሽ ማቆሚያውም ላልቶ አገኘሁት። ማካሮቩ ሞላው ደከም ከማለቱ በቀር ደህና ነበር።

ሕጉ

የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ከወጣ ወዲህ ነገሩ እንደ ድሮው በልማድ የሚያዝ አይደለም። ያለ ፈቃድ መያዝ፣ መግዛት፣ መሸጥና ማዘዋወር ወንጀል ነው። ፈቃድ ለሰውየው የሚሰጥ እንጂ ከሳጥኑ ጋር የሚወረስ አይደለም፤ “የአባቴ ወረቀት አለኝ” ማለት ለልጅ መከላከያ አይሆነውም። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በታወጀበት ወቅት እንዳየነው፣ ፍተሻ በሚበዛበት ዘመን በቤት የተገኘ ሽጉጥ ከጥበቃ ይልቅ መዘዝ ሊያመጣ ይችላል።

ታዲያ የቱ?

አንዱን መያዝ ግድ ከሆነና ፈቃዱ ከተገኘ፣ መልሴ ማካሮቭ ነው። ጉልበቱ ቢያንስም ሴፍቲው፣ የጥገናው ቅለትና የምላጩ ስበት ለቤት ሰው ይበልጣሉ። ቶካሬቭ ታሪክ ያለው፣ ጠንካራና ቀጥ ብሎ የሚመታ መሣሪያ ነው፤ የሚገባው ግን ለሠለጠነ እጅ ነው። ሦስተኛ ምርጫ እንዳለም አይዘንጋ፤ ሁለቱንም ማስረከብ።

ወዳጄ ተከዘ። ቶካሬቩን የሚወደው አባቱ በየእሑዱ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ሲወለውሉት እያየ ስላደገ ነው። እናቱ ከጓዳ ሆነው ሲሰሙን ኖሮ ብቅ አሉና “አባትህ በእሱ ሲተኩስ አንድ ቀን አላየሁም ልጄ፤ ሲወለውለው ብቻ ነው የማውቀው” አሉት።

በማግሥቱ ጠዋት አብረን ወደ ፖሊስ ጽሕፈት ቤት ሄድን። ሁለቱንም አስረከበና ለማካሮቩ በራሱ ስም አመለከተ። ከቶካሬቩ ያስቀረው የቆዳ ማኅደሩን ብቻ ነው። ማኅደር ፈቃድ አይጠይቅም።