«ንፉ» እና «አትንፉ»፦ በአውሮፕላን ውስጥ የሚጮኹ ትእዛዞች ታሪክ

በዚህ እትም የታሪክ ዓምዳችን ስለ ነገሥታት ወይም ስለ ጦርነት ሳይሆን ስለ ጥቂት አጫጭር ቃላት እናወጋችኋለን። ነገሩ የተነሳው እዚሁ ሐርጌሳ፣ ዳሚ ሰፈር፣ በማታው ክፍላችን ነው። የሦስተኛ አገር ጉዳይዋ አልቆ የጉዞ ቀን የምትጠብቅ አንዲት ተማሪያችን እጇን አውጥታ፣ «መምህር፣ አውሮፕላኑ ውኃ ላይ ቢወድቅ ምን እናደርጋለን?» አለች። ክፍሉ ሳቀ። እኛም አብረን ሳቅንና «ያኔማ መጸለይ ነው» ብለን አለፍነው። በኋላ ስናስበው ግን ይህ የመምህር መልስ አልነበረም። ጥያቄው መልስ አለው፤ መልሱም ከገዛ አገራችን ታሪክ ውስጥ ይገኛል። ብዙ ሰው ሞቶበታል።

ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 23 ቀን 1996) የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ቁጥር 961፣ ቦይንግ 767 አውሮፕላን፣ 175 ሰዎችን ይዞ ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ ተነሳ። ብዙም ሳይቆይ ሦስት ወጣቶች ወደ አብራሪዎቹ ክፍል ገብተው አውሮፕላኑን ጠለፉት። ጥገኝነት እንፈልጋለን፣ ወደ አውስትራሊያ ውሰዱን አሉ። ዋና አብራሪው ካፒቴን ልዑል አባተ የተሞላው ነዳጅ አውስትራሊያ እንደማያደርስ ቢያስረዳቸውም አላመኑትም። እኛ ጥገኝነት የጠየቅን ሰዎች ይህን ስናነብ ለብቻው ያመናል። የሰው ነፍስ አስይዞ የሚጠየቅ ጥገኝነት የለም።

ታዲያ ነዳጁ አለቀ። መጀመሪያ አንዱ ሞተር፣ ቀጥሎም ሁለተኛው ጠፋ። ካፒቴን ልዑልና ረዳቱ ዮናስ መኩሪያ ከጠላፊዎቹ ጋር እየታገሉ አውሮፕላኑን በኮሞሮስ ደሴት፣ ጋላዋ ከሚባለው ሆቴል ፊት ለፊት፣ ከባሕሩ ዳርቻ 500 ሜትር ያህል ርቀት ላይ አሳረፉት። ክንፉ ውኃውን ሲነካ አውሮፕላኑ ተሰባበረ። የደሴቲቱ ሰዎችና የሆቴሉ እንግዶች በጀልባ ደረሱ። 50 ሰዎች ተረፉ፤ ጠላፊዎቹን ጨምሮ 125 ሞቱ። ከሟቾቹ አንዱ በ1977 ዓ.ም. የነበረውን ረሃባችንን በካሜራው ለዓለም ያሳየው ኬንያዊው መሐመድ አሚን ነበር።

አሁን ወደ ተማሪያችን ጥያቄ እንመለስ። ከመውደቁ በፊት ካፒቴኑ ተሳፋሪው የነፍስ አድን ጃኬቱን አውሮፕላኑ ውስጥ ሆኖ እንዳይነፋ አስጠንቅቆ ነበር። ብዙዎች ግን ወይ አልሰሙም፣ ወይ አልገባቸውም፣ ወይ ከፍርሃት የተነሳ ቸኮሉ። ጃኬታቸውን ነፉት። ውኃው ሲገባ የተነፋው ጃኬት ወደ ጣሪያው አንሳፈፋቸው፤ መውጫው ደግሞ ከታች ነበር። ምን እንደሚመስል ማወቅ የሚፈልግ ተማሪ ባዶ ጀሪካን ክዳኑን ጥብቅ አድርጎ ዘግቶ ውኃ በተሞላ በርሜል ውስጥ ለመድፈቅ ይሞክር። እጁን ገፍቶ ይወጣበታል። ሰውም እንደዚያ ነው፤ ወደ በሩ ልጥለቅ ቢል ጃኬቱ አያስጠልቀውም። ከግጭቱ የተረፉ ሰዎች በዚህ ምክንያት ሰጠሙ።

እስቲ ቋንቋውን ልብ በሉት። በአማርኛችን «ንፉ» እና «አትንፉ» መካከል ያሉት ሁለት ፊደላት ብቻ ናቸው። «ጃኬታችሁን አውሮፕላኑ ውስጥ ሆናችሁ እንዳትነፉ» ስንል ዋናው ነገር የሚመጣው በመጨረሻ ነው። ጫጫታ ውስጥ ያለ ሰው «ጃኬታችሁን» የሚለውን ሰምቶ እጁን ወደ ገመዱ ይሰዳል። ቋንቋው የማይገባውማ ከነአካቴው የሚያየው ጎረቤቱን ነው፤ ጎረቤቱ ከነፋ እሱም ይነፋል። ስለዚህ በእኛ አስተያየት «አትንፉ» ከማለት «በሩ ላይ ስትደርሱ ንፉ» ማለት ይሻላል። የመጀመሪያው ክልከላ ብቻ ነው። ሁለተኛው ግን እጅ የሚሠራውን ሥራ ከነቦታው ይነግራል።

ለመሆኑ አስተናጋጆቹ ለምን ይጮሃሉ? በሰላሙ ጊዜ «ክቡራትና ክቡራን» እያለች በፈገግታ ሻይ የምታቀርበው ልጅ፣ በአደጋ ጊዜ «ጎንበስ በሉ! ቀበቶ ፍቱ! ሻንጣ ተዉ! በዚህ ኑ! ዝለሉ!» እያለች ትጮሃለች። ቃላቱ ከአየር መንገድ አየር መንገድ ቢለያዩም ሐሳቡ አንድ ነው። ምክንያቱ ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1967 ጀምሮ የአሜሪካ ሕግ ትልልቅ አውሮፕላኖች ከመውጫዎቻቸው ግማሹ ብቻ ቢከፈት እንኳ ሰው ሁሉ በ90 ሴኮንድ መውጣት እንዲችል ያዛል። በ90 ሴኮንድ ውስጥ ረጅም ዓረፍተ ነገር ቦታ የለውም።

ትእዛዝ ሲጠፋ ምን እንደሚሆን ሪያድ አሳይታለች። እ.ኤ.አ. ኦገስት 19 ቀን 1980 የሳውዲ አየር መንገድ በረራ 163 በውስጡ እሳት ተነስቶበት ተመለሰና መሬት ላይ በደህና አረፈ። አስተናጋጆቹ ሰዉን እናውጣ ወይ ብለው ጠይቀው ነበር፤ «አስወጡ» የሚል ትእዛዝ ግን አልመጣላቸውም። በአውሮፕላኑ ውስጥ የነበሩት 301 ሰዎች በሙሉ አለቁ። ዛሬ አስተናጋጆች እሳትና ጭስ ሲያዩ፣ ከአብራሪው ክፍል ድምፅ ባይመጣም ራሳቸው ማስወጣት እንዲጀምሩ ይሰለጥናሉ።

እ.ኤ.አ. ኦገስት 22 ቀን 1985 ደግሞ በእንግሊዝ ማንችስተር አንድ ቦይንግ 737 ሊነሳ ሲል ተቃጥሎ 55 ሰዎች ሞቱ፤ አብዛኞቹን የገደላቸው ጭሱ ነው። ከዚያ በኋላ በክራንፊልድ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሄለን ሚዩር ፈቃደኛ ሰዎችን አውሮፕላን ውስጥ አስገብተው፣ ቀድሞ ለሚወጣ ገንዘብ እየጨመሩ፣ የሰውን አወጣጥ አጠኑ። አስተናጋጆቹ በጠንካራ ድምፅ ሲያዙና ሲገፋፉ ሰው ቶሎ እንደሚወጣ ታየ። እንግዲህ ጩኸቱ በጥናት የተደገፈ ሙያ ነው፤ ብልግና አይደለም።

ይህ ነጥብ ለእኛ ባህል ይከብዳል። አንዲት የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ሽማግሌ አባታችንን «ዝለሉ!» ብላ ስትጮህባቸው ብናይ ምን እንላለን? ማን አሳደጋት አንልም? «አባባ፣ እባክዎን ይዝለሉ» እንድትል እንጠብቃለን። እሳት ግን አንቱታ አያውቅም። በዚያች ሰዓት የምትጮኸው ልጅ ናት ያከበረቻቸው።

ከሁሉ የሚከብደን ግን «ሻንጣ ተዉ» የሚለው ነው። ወደ ሦስተኛ አገር የሚሄድ ስደተኛ የአይኦኤም ምልክት ያለባትን ላስቲክ ቦርሳ ደረቱ ላይ ይዞ ሲሄድ ያላየ የለም። ወረቀቱ ሁሉ፣ የስንት ዓመት ወረፋው ሁሉ እዚያች ውስጥ ነው። እሷን ጣል ማለት ነፍስህን ጣል ማለት ይመስለናል። ነገር ግን አንድ ሰው ቦርሳ ለማንሳት ጎንበስ ሲል ከኋላው ያለው ሰልፍ በሙሉ ይቆማል። ወረቀት ከቢሮው ኮፒ አለው፤ ሰው ኮፒ የለውም።

ይህን ሰምቶ የወጣ ሕዝብም አይተናል። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 2 ቀን 2024 በቶኪዮ ሐኔዳ አየር ማረፊያ የጃፓን አየር መንገድ በረራ 516 ሲያርፍ ከባሕር ጠረፍ ጥበቃ አውሮፕላን ጋር ተጋጭቶ ነደደ። በትንሹ አውሮፕላን ውስጥ 5 ሰዎች ሞቱ። በትልቁ ውስጥ የነበሩት 379 ሰዎች ግን በሙሉ ወጡ። ከስምንቱ መውጫዎች የሠሩት ሦስቱ ብቻ ነበሩ። የድምፅ ማጉያው ሥርዓት ስለተበላሸ አስተናጋጆቹ በእጅ ማጉያና በገዛ ጉሮሯቸው ነው ያዘዙት።

ይህን ታሪክ ለተማሪዎቻችን ከነገርን በኋላ እኛም ክፍላችንን አየነው። በሩ አንድ ነው፤ የሚነገረው ቋንቋ ግን አራት። እሳት ቢነሳ በየትኛው ነው የምንጮኸው? ተማሪዎቹ ራሳቸው ቃሉን እየነገሩን ጥቁር ሰሌዳው ላይ ጻፍነው፤ በአማርኛ «ውጡ»፣ በትግርኛ «ውጹ»፣ በኦሮምኛ «በአ»፣ በሶማሊኛ «በሃ»። ከዚያ ሞከርነው። በመጀመሪያው ሙከራ ሁሉም ደብተሩን ሊሰበስብ ጎነበሰ፣ በሩ ላይም ተጨናነቀ። እኛም ራሳችን «እባካችሁ ቀስ በሉ» እያልን ቆመን ነበር። በሁለተኛው ደብተሩ ቀረ፣ እኛም ጮኽን፤ ክፍሉ ቶሎ ባዶ ሆነ።

የሥራ ባልደረቦቻችን፣ በየክፍላችሁ ይህን ሞክሩት፤ ወጪ የለውም፣ ጠመኔ ብቻ ይበቃል። ጉዞ የምትጠብቁ ተማሪዎችም አስተናጋጇ ከመነሳት በፊት ቆማ ስታሳይ አትተኙ። እንግሊዝኛው ባይገባችሁ እጇን ተከተሉ፣ የቅርቡን በር አይታችሁ እስከዚያ ያለውን ወንበር ቁጠሩ። ለዚያች ተማሪያችንም ዘግይተንም ቢሆን መልሳችን ይኸው፦ ጃኬቱን ልበሺ፣ ቀበቶሽን ፍቺ፣ ቦርሳውን ተዪ፣ በሩ ላይ ስትደርሺ ንፊ። መጸለይ ከፈለግሽ እየሄድሽ ጸልዪ።

በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ ደህና ሁኑ።