የተዘጋው ጫካ፦ የዱር አሳማና የአፍሪካ የአሳማ ትኩሳት ታሪክ



ስለ አሳማ በሽታ ልናገር በዚህ መድረክ ላይ ስቆም አንዳንዶቻችሁ «ይህ ለእኛ ምን ይረባናል?» እንደምትሉ እገምታለሁ። አብዛኛው ሕዝባችን፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ አሳማን ከማዕዱ ያራቀ ነው፤ አርቢውም ጥቂት ነው። ጥያቄው ግን ከአሳማው ይሰፋል። አንድ ተላላፊ በሽታ ከበረት ወጥቶ ዱር ሲገባ፣ ባለቤት የሌለውንና አዋጅ የማይሰማውን እንስሳ መንግሥት በምን ይገዛዋል? ከብቱ በአንድ በሽታ አልቆበት ክፉ ቀን ያየ አገር ልጆች ይህን ጥያቄ እንደ ባዕድ ልናየው አንችልም።

ወደ ጉዳዩ ከመግባቴ በፊት ሁለት ነገር ላስታውስ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። «የዱር አሳማ» ስል ደግሞ በአውሮፓና በእስያ ጫካዎች የሚኖረውን፣ የቤት አሳማ የተገኘበትን እንስሳ ማለቴ ነው። በአዋሽና በባሌ የምናውቀው ከርከሮ የዚህ የሩቅ ዘመድ ነው እንጂ እርሱ ራሱ አይደለም። ልዩነቱ ለታሪካችን ወሳኝ መሆኑን ወደ ኋላ ታያላችሁ።

የምከራከርበት ሐሳብ ይህ ነው። በሽታ ዱር በገባ ቁጥር የመንግሥታት የመጀመሪያ መልስ ጠመንጃ ማንሣት ነበር፤ ይህን በሽታ ከዱር አሳማ መካከል ያጠፉት ጥቂት ዘመቻዎች ግን አስቀድመው ጠመንጃውን ዝም ያሰኙ ናቸው።

ታሪኩ የሚጀምረው ከጎረቤታችን ከኬንያ ነው። በ20ኛው መቶ ዓመት መባቻ እንግሊዛውያን ሰፋሪዎች የአውሮፓ ዝርያ አሳማ ወደ ደጋው አገር አስገቡ። ከ1909 ጀምሮ እነዚህ አሳማዎች በብርቱ ትኩሳት እየተያዙ፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ ያልቁ ጀመር። የእንስሳት ሐኪሙ ዩስታስ ሞንትጎመሪ በ1921 ባሳተመው ጥናት እንደ ዘገበው፣ በተመዘገቡት ወረርሽኞች ከነበሩት 1,366 አሳማዎች 1,352ቱ ሞተዋል። አሥራ አራት ብቻ ተረፉ ማለት ነው። ሞንትጎመሪ ይህ በአውሮፓ ከሚታወቀው የአሳማ ትኩሳት የተለየ በሽታ መሆኑን አስረዳ፤ ምንጩም ከርከሮ ሊሆን እንደሚችል ጠረጠረ። ጥርጣሬው ልክ ነበር። ከርከሮ ቫይረሱን ይዞ ሳይታመም ይኖራል። በ1960ዎቹ መጨረሻ ዋልተር ፕላውራይትና ባልደረቦቹ ቫይረሱን ከከርከሮ ጉድጓድ ውስጥ ከሚኖሩ መዥገሮች ሲያገኙ ምስጢሩ ተገለጠ፤ በሽታው በከርከሮና በመዥገሩ መካከል ምናልባትም ለብዙ ሺህ ዓመታት ያለ ጫጫታ ሲዘዋወር የኖረ ነው።

በሽታውን በአህጉራችን ስም ጠሩት። ስሙ ግማሽ እውነት ነው ባይ ነኝ። ቫይረሱ የአፍሪካ ነው፤ ወረርሽኙ ግን የተወለደው የአውሮፓ አሳማ በከርከሮ ምድር ላይ በተለቀቀ ጊዜ ነው።

የኬንያና የደቡብ አፍሪካ ባለ ሥልጣናት ያኔ ምን አደረጉ? ዋናው መፍትሔያቸው አሳማውን ማጠር ነበር። አርቢው አሳማውን በጠንካራ አጥር፣ ሲቻልም በድርብ አጥር፣ ከከርከሮ እንዲለይ ታዘዘ። ይህ በራሱ የሚደንቅ ነው፤ ምክንያቱም በዚያው ዘመን፣ በዚያው ደቡባዊ የአፍሪካ ክፍል፣ የቆላ ዝንብን ለማጥፋት በሚል በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ የዱር እንስሳት በጥይት እየተፈጁ ነበር። የከርከሮው መትረፍ ከርኅራኄ የመጣ አይመስለኝም። ጉድጓድ ገብቶ የሚያድር እንስሳ በጥይት የማያልቅ ስለሆነና አጥር ርካሽ ስለነበረ ይመስለኛል። ያም ሆነ ይህ፣ የመጀመሪያው ትምህርት በእጅ ነበር፤ መለየት እንጂ መፍጀት አይደለም።

ቫይረሱ በ1957 ሊዝበን ደረሰ። የገባው በእንስሳ እግር አልነበረም። ከአውሮፕላን የወረደ የምግብ ትራፊ በአውሮፕላን ማረፊያው አቅራቢያ ለሚረቡ አሳማዎች ተሰጥቶ ነው። ያ ወረርሽኝ ቢገታም በ1960 ተመልሶ መጣ፤ ወደ ስፔንም ተሻገረ። የኢቤሪያ ልሳነ ምድር ከበሽታው የጸዳው ከሠላሳ ዓመታት በላይ ከደከመ በኋላ ነው፤ ስፔን በ1995። ድሉ የተገኘው በደም ምርመራ፣ በረትን በማሻሻልና የአሳማ ዝውውርን በመቆጣጠር ነበር።

በሰርዲኒያ ደሴት ደግሞ በሽታው በ1978 ገብቶ ከአርባ ዓመታት በላይ ቆየ። ለብዙ ጊዜ ጣት የሚቀሰረው በዱር አሳማው ላይ ነበር። ነገር ግን ከ2010ዎቹ አጋማሽ ወዲህ መንግሥት በጋራ ግጦሽ መሬት ላይ ያለ ፈቃድና ያለ ምዝገባ የሚለቀቁትን አሳማዎች በሺዎች ሲያስወግድ፣ በሽታው በዱር አሳማውም ዘንድ እየሳሳ ሄደ። ለዓመታት የተወነጀለው የዱር አሳማ በሽታውን የሚቀበል እንጂ የሚያኖር አልነበረም። ይህ ፍርድ ለድሃው የተራራ አርቢ መራራ እንደነበር መርሳት የለብንም፤ አሳማን በነጻ መልቀቅ ለእርሱ ከአባቶቹ የወረሰው መብት እንጂ ወንጀል አልነበረም። አሳማዎቹ የተወገዱትም ብዙ ጊዜ በፖሊስ ታጅቦ ነበር።

አሁን ወደ ከባዱ ምዕራፍ እንለፍ። በ2007 ቫይረሱ በጆርጂያ፣ በጥቁር ባሕር ዳርቻ ባለችው በፖቲ ወደብ በኩል ገባ። የዘር ምርመራው ከደቡብ ምሥራቅ አፍሪካ መምጣቱን አሳየ፤ ያመጣውም ከመርከብ የተጣለ የምግብ ትራፊ ሳይሆን አይቀርም። ከዚያ ወደ አርሜንያ፣ ወደ አዘርባጃንና ወደ ሩሲያ ተዛመተ፤ በ2014 ሊቱዌኒያን፣ ፖላንድን፣ ላትቪያንና ኤስቶኒያን ያዘ። በዚህ ጊዜ የዱር አሳማው ተሸካሚ ብቻ አልነበረም። እንደ ከርከሮው ሳይታመም አይኖርም፤ ይሞታል፤ ሞቶም ያስተላልፋል።

የአውሮፓ ባለሙያዎች በእጃቸው የነበረው ካርታ የሌላ በሽታ ካርታ ነበር። የጥንቱን የአሳማ ትኩሳት ጀርመን ከ1993 ጀምሮ በጫካ በተበተነ፣ በማባበያ ምግብ ውስጥ በተደበቀ ክትባት ታግላ አሸንፋዋለች። በዚያ ትግል ውስጥ የዳበረ አንድ አስተሳሰብ ነበር፤ የእንስሳቱ ብዛት ከተወሰነ መጠን በታች ከወረደ በሽታው የሚይዘው አጥቶ ይጠፋል የሚል። ለአዲሱ መጤ ግን ክትባት አልነበረም፤ የቀረው ቁጥር መቀነስ ብቻ ነበር። ስለዚህ አዳኞች ተጠሩ።

የቁጥሩ ሐሳብ ለምን አልሠራም? አንደኛው ምክንያት እንስሳው ራሱ ነው። የዱር አሳማ ቶሎ ይራባል፤ በቆሎ የሚዘራው ማሳ በሰፋበት፣ ክረምቱም በለዘበበት አውሮፓ ቁጥሩ ለአሥርተ ዓመታት ሲያድግ ኖሯል። አዳኞች ራሳቸውም በክረምት ይመግቡት ነበር፤ የሚያድኑት እንዳያጡ። ሁለተኛው ምክንያት ጥይቱ ነው። በውሻና በጩኸት የተባረረ መንጋ ይበተናል፤ የታመመው ወደ ጤነኛው ግዛት ይሸሻል። ሦስተኛውና እኔ ዋና የምለው ጥንቡ ነው። የአፍሪካ የአሳማ ትኩሳት ቫይረስ በበድን ውስጥ፣ በተለይ በቀዝቃዛ አገር፣ ለወራት ይቆያል። በ2017 የታተመ የጀርመን ጥናት በጫካ ውስጥ በተተከሉ ካሜራዎች እንዳሳየው፣ የዱር አሳማዎች ወደ ሞቱ ወገኖቻቸው ይመጣሉ፣ ያሸታሉ፣ በድኑ የነበረበትንም አፈር ይቆፍራሉ። እንግዲህ በሕይወት ያሉት ጥቂት ቢሆኑ እንኳ ሙታኑ በሽታውን ይጠብቁላቸዋል። ብዛትን የሚቆጥረው ስሌት ሙታንን አልቆጠረም ነበር።

በሰኔ ወር 2017 በቼክ ሪፐብሊክ ምሥራቃዊ ክፍል፣ በዝሊን ከተማ አጠገብ፣ በበሽታው የሞቱ የዱር አሳማዎች ተገኙ። በቅርብ ከሚታወቀው የበሽታው ቀጠና ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር የራቀ ቦታ ነው። ከዚህ በኋላ የሆነውን በዝርዝር የምናገረው እስካሁን ካነበብሁት የበሽታ ቁጥጥር ታሪክ ውስጥ ትዕግሥት እንዲህ በሕግ የታዘዘበት ሌላ ብዙ ስለማላውቅ ነው።

መጀመሪያ አደን ተከለከለ። ሰው ወደ ቀጠናው እንዳይገባ ታገደ። 57 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆነው እምብርት በኤሌክትሪክ አጥርና እንስሳው በሚሸሸው ሽታ ተከበበ። ከዚያም ለገበሬ ጆሮ የማይዋጥ ትእዛዝ ወጣ፤ በእምብርቱ ውስጥ ያለው አዝመራ በከፊል ሳይታጨድ እንዲቆይ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የጠገበና መደበቂያ ያለው እንስሳ አይሰደድም። የደረሰ እህል ለዱር አሳማ ሲተው አስቡት። በዚህ መካከል ፈላጊዎች ጥንብ ይለቅሙ ነበር፤ ላገኘም ክፍያ ነበረው። በሽታው በውስጥ የያዛቸውን እየገደለ ሄደ። ከአጥሩ ውጭ ባለው ዙሪያ ግን አደኑ ተጠናከረ፤ እሳት እንዳይሻገር ዙሪያውን ሣር እንደሚያጭድ ሰው ማለት ነው። በእምብርቱ ውስጥ ጥይት የተፈቀደው ከዚያ በኋላ ነው፤ መጀመሪያ ለሠለጠኑ አዳኞች፣ በጥቅምት ደግሞ በሌሊት ማየት የሚያስችል መሣሪያ ለያዙ የፖሊስ አልሞ ተኳሾች። ከ200 በላይ የታመሙ የዱር አሳማዎች ተገኙ፤ አንድም የቤት አሳማ አልተያዘም። በ2019 አገሪቱ ከበሽታው ነጻ ተባለች።

ቤልጂግ ይህን አይታ ነበር። በመስከረም 2018 በደቡቧ፣ በኤታል አካባቢ፣ በሽታው ሲገኝ ጫካው ለአዳኝም፣ ለእንጨት ቆራጭም፣ ለእግረኛ ጎብኚም ተዘጋ። ወደ 300 ኪሎ ሜትር የሚደርስ አጥር በየደረጃው ተዘረጋ፤ በድን ፍለጋው ለወራት ቀጠለ። 833 የታመሙ የዱር አሳማዎች ተመዘገቡ። ፈረንሳይም በበኩሏ ድንበሯን አጠረች፤ በሽታው ወደ እርሷ አልተሻገረም። ቤልጂግ በ2020 መጨረሻ ነጻ ሆነች። የዚህ ዋጋ ግን ጫካ ውስጥ ብቻ አልተከፈለም። በቀጠናው የነበሩ በሺዎች የሚቆጠሩ ጤነኛ የቤት አሳማዎች «ምናልባት» ተብሎ ታረዱ። ካሳ ተከፍሏል፤ ሆኖም በሽታው በረቱን ላልረገጠው ገበሬ ይህ ፍትሕ ነው ብሎ ማስረዳት ቀላል አይመስለኝም። ሪፖርቶቹ ስለ አጥሩ ርዝመት ሲተነትኑ በዚህ ላይ ቸኩለው ያልፋሉ።

አጥር ካልሁ ዘንድ ዴንማርክን ልጥቀስ። በ2019 ከጀርመን ጋር በሚያዋስናት ድንበር ላይ 70 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው አጥር አቆመች፤ ያኔ ጀርመን ውስጥ በሽታው ገና አልነበረም። መንገዱና የባቡር ሐዲዱ በሚያልፉበት አጥሩ ክፍት ነው። እንደ ዝሊን አጥር የታመመውን የሚያረጋጋ አይደለም፤ ለሥጋ ገበያው የተጻፈ ደብዳቤ ይመስለኛል። በዱር አሳማ እግር በሽታው በወር ከአንድ እስከ ሁለት ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። በሰው እጅ ግን፣ በጨው በደረቀ ሥጋ ውስጥ፣ በአንድ ሌሊት አንድ ሺህ ኪሎ ሜትር ይዘልላል። ሊዝበን፣ ፖቲ፣ ዝሊን፣ ኤታል፦ ወደ አንዳቸውም የዱር አሳማ በእግሩ አላደረሰውም።

የዝሊን መንገድ ግን ወሰን አለው፤ ይህን ሳልናገር ባልፍ ታሪኩን አሳምሬ መሸጤ ይሆናል። መንገዱ የሚሠራው በሽታው እንደ ደሴት አንድ ቦታ ሲወድቅ ነው፤ ሲከበብ ይሞታል። ስዊድን በ2023 በፋገሽታ አካባቢ ያገኘችውን በሽታ ጫካውን ዘግታ በአንድ ዓመት ያህል ያጠፋችው በዚሁ መንገድ ነው። በሽታው በሰፊ ግንባር ሲመጣ ግን የሚከበብ ነገር የለም። ከ2020 ጀምሮ ጀርመን ከፖላንድ በኩል የገጠማት ይህ ነበር። በታኅሣሥ 2022 ያችው ቼክ ሪፐብሊክ ከፖላንድ ድንበር አጠገብ በሽታውን እንደገና አገኘች፤ በዚህ ጊዜ ከአንድ አቅጣጫ ደጋግሞ የሚመጣ እንጂ አንድ ቦታ የወደቀ አልነበረም።

ከጥያቄዎቻችሁ በፊት በመግቢያዬ የጠቀስሁትን የከብት በሽታ ላንሣ። አባቶቻችን ያን በሽታ «ደስታ» አሉት፤ ክፉውን በመልካም ስም መሸንገል ይመስለኛል። የደስታ በሽታ በዱር ጎሽም ገብቶ ፈጅቷል። ለዘመናት ብዙዎች የዱር እንስሳው የበሽታው ጎተራ ነው ብለው ያምኑ ነበር። ሆኖም ከብቱ ሲከተብ በሽታው በዱርም ጠፋ፤ በ2011 ከምድር መጥፋቱ ታወጀ። ያን የከብት ክትባት የሠራው የከርከሮውን መዥገር ምስጢር የገለጠው ያው ፕላውራይት ነው። ለአሳማው በሽታ ግን እንዲህ ያለ ክትባት አላገኘም፤ ለዱር አሳማ የሚሰጥ የተፈቀደ ክትባት ዛሬም የለም። እስከዚያው በእጅ ያለው አጥር፣ ጥንብ ለቃሚና የተዘጋ ጫካ ነው።