ዜና ሕንጻ ዘሮሜ፣ ከጓሮ በኩል የታየ

ሮሜን ሊያይ የመጣ ሁሉ በፊት ለፊት ይገባል። በዓምዶቹ መካከል አልፎ፣ በሰፊው አደባባይ ቆሞ፣ አንገቱን ቀና አድርጎ የቅዱስ ጴጥሮስን ቤተ ክርስቲያን ሲያይ ቃል ያጣል። እኔም እንዲሁ ሆንሁ። ነገር ግን ይህን ዜና የምጽፈው ከጓሮው ተነሥቼ ነው። ከታላቁ መቅደስ ጀርባ፣ በጥላው ሥር፣ የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ የምትባል አንዲት ትንሽ ቤተ ክርስቲያን አለች፤ የአገራችን መነኮሳት በዚያ ተቀምጠው አሮጌው መቅደስ ሲፈርስ አዲሱም ሲታነጽ ጎረቤት ሆነው አይተዋል። የግንብ ነገር ደግሞ ጎረቤት ያውቀዋል፤ አቧራውን የሚቅመው እርሱ ነውና። የዘመኑን ቁጥር ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ጻፍሁት፤ ስለዚያም ቍጥር በቦታው እናገራለሁ።

ቀድሞ ታላቁ ቆስጠንጢኖስ በነገሠ ጊዜ በቫቲካን ኮረብታ፣ በሐዋርያው መቃብር ላይ፣ ጣሪያው የእንጨት፣ ውስጡም በዓምድ ረድፍ 5 ቦታ የተከፈለ ቤተ ክርስቲያን አሠራ። ያም ሕንጻ ከ1100 ዓመት በላይ ቆመ። በ1441 የፍሎሬንስ ጉባኤ በነበረ ጊዜ፣ በኢየሩሳሌም የነበሩ የኢትዮጵያ መነኮሳት አለቃ ኒቆዲሞስ መልእክተኞችን ላከ። እነርሱም ከግብጽ ከአባ እንጦንስ ገዳም ከመጣው ከአበምኔት እንድርያስ ጋር በፓፓው በ4ኛው ኤውጌንዮስ ፊት ቆሙ። በዚያም ወራት ፊላሬቴ የሚባል ብልህ ሠራተኛ ለአሮጌው ቤተ ክርስቲያን የነሐስ ደጅ ይሠራ ነበርና፣ የምሥራቆቹን መነኮሳት መምጣት በደጁ ላይ ቀረጸው። ሕንጻው ፈረሰ፤ ደጁ ግን ተረፈ፤ ዛሬ በአዲሱ ቤተ ክርስቲያን መካከለኛ በር ላይ ተሰቅሎ ይታያል። ሰው ግን በሌላው በር ወደ ውስጥ ይቸኩላል። እኔ ስቆምበት፣ ከኋላዬ ያለው ሰልፍ ምን ጠፍቶበት ነው ብሎ የሚያየኝ መሰለኝ።

ከዚህም በኋላ ከ1471 እስከ 1484 በመንበሩ የተቀመጠው ፓፓ 4ኛው ሲክስቶስ የቅዱስ እስጢፋኖስን ቤት ለኢትዮጵያውያን መነኮሳትና ተሳላሚዎች ማረፊያ ሰጠ። የከተማው ሰው ጥቁሮች ናቸው ሲል ‹‹የሞሪዎች እስጢፋኖስ›› ብሎ ጠራው። በግና መስቀል የተቀረጸበት የእብነ በረድ ደጁ ከዚያ አስቀድሞ በ12ኛው መቶ ዓመት የተሠራ ነው።

በ1506 ዓመት፣ በኤፕሪል 18 ቀን፣ ፓፓ 2ኛው ዩልዮስ የአዲሱን ቤተ ክርስቲያን መሠረት ድንጋይ አኖረ። የሕንጻውም ሥራ መሪ ብራማንቴ ነበረ። ይህ ሰው ለመሥራት ከነበረው ጉጉት ለማፍረስ የነበረው ጉጉት በለጠና፣ የዘመኑ ሰዎች ‹‹አፍራሹ›› ብለው ሰየሙት። የቆስጠንጢኖስ ዓምዶች ወደቁ፣ መቃብሮች ተነቀሉ። በእውነት ለመናገር ሮሜ ይህን የለመደች ከተማ ነች፤ የቄሣሮቹን እብነ በረድ በምድጃ እያቃጠለች ኖራ ታደርገው ነበር፤ የኮሎሴዎም ግማሽ ጎን የጎደለውም የምድር መናወጥ የጣለውን ድንጋይ የሰው እጅ አግዞ ስለ ወሰደው ነው።

አፍራሹም ሥራውን ሲሠራ፣ ከቆሎኝ የመጣ ዮሐንስ ፖትከን የተባለ ጀርመናዊ የሐበሾቹን ጸሎት ሰማና ልቡ ተነካ። ከአባ ቶማስ ወልደ ሳሙኤል ግእዝን ተማረ፤ በ1513ም መዝሙረ ዳዊትን በግእዝ ፊደል በሮሜ አሳተመ። በማተሚያ የታተመ የመጀመሪያው የግእዝ መጽሐፍ ይህ ነው። ፖትከን ግን ቋንቋው የከለዳውያን መስሎት እንዲሁ ብሎ ጻፈው። ይህን ያህል ስሕተት ይቅር ይባላል፤ ዳዊትን መምረጡ መልካም ነበርና።

ለሕንጻው ወርቅ ጠፋ። ወርቁን ለመሰብሰብ የኃጢአት ስርየት ደብዳቤ ይሸጥ ጀመር፤ በ1517ም ሉተር በዚያ ምክንያት ተነሣ፤ የምዕራብ ቤተ ክርስቲያንም ተከፈለች። በ1527፣ በሜይ 6 ቀን፣ የንጉሠ ነገሥቱ የ5ኛው ካርሎስ ጭፍሮች ሮሜን ወረሩ። 147 የስዊስ ዘበኞች ሞቱ፤ ፓፓው 7ኛው ቀሌምንጦስ በግንብ ላይ በተሠራው መሸሸጊያ መንገድ ሮጦ ወደ ቅዱስ መልአክ አምባ ገባ። ሥራውም ቆመ፤ በተጀመሩት ምሶሶዎች ላይ ሣር በቀለ።

በ1540ዎቹ በአንድ አጥር ሁለት ትጉህ ሰዎች ይሠሩ ነበር ቢባል ሐሰት አይሆንም። ሚኬላንጄሎ 71 ዓመት ሆኖት ሕንጻውን ተረከበ፤ ለነፍሴ ነው ብሎ ደመወዝ አልተቀበለም፤ የቀደሙት ያንዛዙትን ቆርጦ፣ ጉልላቱ ሁሉን የሚገዛበት አንድ አካል አድርጎ አሰበው። ከመቅደሱ ጀርባ ደግሞ የደብረ ሊባኖሱ አባ ተስፋ ጽዮን፣ በአገሩ የግራኝ ጦርነት በነደደበት ዘመን በኢየሩሳሌም በኩል ወጥቶ የመጣ፣ በ1548 እና በ1549 ሐዲስ ኪዳንን በግእዝ አሳተመ። አታሚዎቹ ፊደሉን አያነቡም፣ እርሱም የማተም ሥራ አያውቅም ነበርና ስለ ስሕተቱ አንባቢን ይቅርታ ለመነ። እነዚህ ሁለት ሰዎች በመንገድ ተገናኝተው ሰላም ይባባሉ እንደ ሆነ ማን ያየ አለ? በሥራ ግን ጎረቤት ነበሩ።

ሚኬላንጄሎ በ1564 ሞተ፤ ጉልላቱም ከአንገቱ በላይ ሳይወጣ ቀረ። በ1582 ደግሞ ፓፓው 13ኛው ጎርጎርዮስ የዘመኑን ስሌት አስተካከለ፤ ሕዝቡ ኦክቶበር 4 ቀን ተኝቶ ኦክቶበር 15 ቀን ነቃ፤ 10 ቀን ተዋጠ። ይህን የዘመን ቍጥር የሰጠን ያ ሰው ነው፤ የእኛ አባቶች ቍጥር ግን ሳይነካ እስከ ዛሬ አለ።

አሁን የሐውልቱን ነገር እነግራለሁ፤ በዚህ ሁሉ ዜና ከምወደው ወግ አንዱ እርሱ ነውና። በአሮጌው ቤተ ክርስቲያን ደቡብ፣ ከሐበሾቹ ቤት ብዙ ሳይርቅ፣ ካሊጉላ ቄሣር ከግብጽ በመርከብ ያስመጣው፣ ጽሕፈት ያልተቀረጸበት ቀይ ሐውልት ቆሞ ነበር። ቁመቱ 25 ሜትር፣ ክብደቱም ከ300 ቶን በላይ ነበር። ፓፓው 5ኛው ሲክስቶስ፣ ችኩልና ቁጡ ሰው፣ ወደ ፊት ለፊቱ አደባባይ ይምጣ አለ። ሥራው ለዶሜኒኮ ፎንታና ተሰጠ። እርሱም 900 የሚያህሉ ሰዎችንና ብዙ ፈረሶችን ሰበሰበ፣ ገመድ የሚጠመጠምባቸው 40 መዘውሮችን ተከለ። በ1586፣ በኤፕሪል 30 ቀን፣ ሐውልቱ ከመሠረቱ ተነሣ፤ በሴፕቴምበር 10 ቀን ደግሞ ዛሬ በቆመበት ቦታ ቆመ። ትእዛዙ ከባድ ነበር፦ ከአለቃው በቀር ማንም ድምፅ እንዳያሰማ። ገመዱ ግን ጋለ፣ ሊበጠስም ደረሰ። በዚያን ጊዜ አንድ መርከበኛ፣ ‹‹ገመዱን ውኃ አጠጡት!›› ብሎ ጮኸ ይባላል። ገመድ ሲርስ ያጥራልና ጠበቀ፤ ሐውልቱም ዳነ። ፓፓው ሊቀጣው ሲገባው ሸለመው፤ ለሆሣዕና በዓል ዘንባባ የሚያመጣው የእርሱ ወገን ይሁን አለ። ወሬው እውነት ይሁን ተረት፣ ሮሜዎች እንዲህ ያወራሉ፤ እኔም ሳልጨምር ጻፍሁት።

በ1590 ጃኮሞ ዴላ ፖርታ ጉልላቱን ፈጸመ። ነገር ግን ሰው እጁን ከመሰብሰብ ማከል ይወዳልና፣ በ5ኛው ጳውሎስ ዘመን ካርሎ ማዴርኖ ሕንጻውን ወደ ፊት አርዝሞ ሰፊ ግንባር አቆመለት። ከዚያ ወዲህ አደባባዩ ላይ የቆመ ሰው ጉልላቱን በወገቡ ተቆርጦ ያየዋል፤ በቀረበ ቁጥርም እየወረደ ይጠፋበታል። ሚኬላንጄሎ ያሰበው ሙሉ ሕንጻ የሚታየው ከጓሮው፣ ከእስጢፋኖስ ደጅ በኩል ነው። ሊቃውንቱ በብዙ ቃል ያስረዱታል፤ መነኮሳቱ ግን ከደጃቸው ሳይወጡ ያዩት ነበር።

በ1626፣ በኖቬምበር 18 ቀን፣ ፓፓው 8ኛው ኡርባኖስ ቤተ ክርስቲያኑን ቀደሰ፤ መሠረቱ ከተጣለ 120 ዓመት ሆነ። በርኒኒም በመንበሩ ላይ የነሐስ ድባብ ዘረጋ፤ ለዚያም ከፓንቴዎን ደጀ ሰላም ነሐስ ተነቀለ ተብሎ ሮሜ በፓፓው ላይ ተሣለቀች። ፓንቴዎንን ሄጄ አየሁ። ጉልላቱ 43 ሜትር ሰፊ ነው፤ በመካከሉ ክፍት ዓይን አለ፤ ዝናብም ፀሐይም ይገቡበታል። ሐድርያኖስ ያሠራው ያ ቤት በ609 ቤተ ክርስቲያን ስለ ሆነ ከኖራ ምድጃ ተረፈ።

በ1649 ሂዮብ ሉዶልፍ የሚባል ጀርመናዊ ወጣት ሐበሾችን ፍለጋ ወደ እስጢፋኖስ መጣ፤ በዚያም ከመካነ ሥላሴው ከአባ ጎርጎርዮስ ጋር ተገናኘ። አባ ጎርጎርዮስ በ1652 በጀርመን አገር ወዳለችው ወደ ጎታ ሄዶ አማርኛና ግእዝ አስተማረው። የኢትዮጵያ ጥናት በአውሮፓ የተወለደው በሁለቱ ወዳጅነት ነው። በርኒኒ የአደባባዩን 284 ዓምዶች ማቆም የጀመረው በ1656 ነበር። አባ ጎርጎርዮስ ግን ወደ አገሩ ሲመለስ በ1658 መርከቡ ተሰብሮ በባሕር ሰጠመ፤ ዓምዶቹ በ1667 ሲፈጸሙ እርሱ አልነበረም።

ሮሜ ሐውልት መውሰድን እስከ ዘመናችን አልተወችም። በ1937 የአክሱም ሐውልት ተወስዶ በፖርታ ካፔና ቆመ፤ በ2005 በ3 ተከፍሎ በአውሮፕላን ተመለሰ፤ በ2008 በአክሱም ተተከለ። የነበረበትን ስፍራ አልፌ ሄድሁ፤ መኪናው ሁሉ ይዞርበታል።

በመጨረሻም ወደ ጉልላቱ ወጣሁ። ደረጃው 551 ነው፤ አሳንሰር የፈለገ ሰው እንኳ 320ው ይቀረዋል። ግድግዳው ወደ ጎን ስለሚያዘነብል ሰው አንገቱን ዘንበል አድርጎ ይወጣል። ከላይ ሁሉ ወደ አደባባዩ ዞሮ ፎቶ ያነሣ ነበር። እኔ ዞሬ ወደ ጓሮው ተመለከትሁ። የቫቲካን አትክልት ስፍራ፣ በመካከሉም የኢትዮጵያ ኮሌጅ ሕንጻ ታየኝ፤ ከእግሬ ሥር ደግሞ፣ ከመቅደሱ ጀርባ ተጠግታ፣ የእስጢፋኖስ ጣሪያ ነበረች። ወደ ታች ብዙ ከመጎንበሴ የተነሣ ከጎኔ የነበረች ሴት ልጇን ከብረቱ ሳበችው። ተራቸውን የሚጠብቁ ብዙ ነበሩና ቦታውን ለቅቄላቸው በሌላው ደረጃ ወረድሁ።