ከጣራ የወረደው ፀሐይ

መንግሥት ሰው አንድ ነገር እንዲያደርግለት ሲፈልግ ወይ ይቀጣል፣ ወይ ያባብላል። አሜሪካ ዜጎቿ በቤታቸው ነዳጅና መብራት እንዲቆጥቡ ስትፈልግ የመረጠችው ማባበሉን ነው። ማባበያው ደግሞ ግብር ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1973 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የዐረብ አገሮች ለአሜሪካ ነዳጅ አንሸጥም አሉ፤ በየማደያው ሰልፉ ረዘመ። በ1978 ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር አንድ ሕግ ፈረሙ። ብርድ እንዳይገባ ጣራውንና መስኮቱን ያስጠገነ ባለቤት ከወጪው 15 በመቶ፣ እስከ 300 ዶላር፣ ከግብሩ ይቀነስለታል። ሶላር ላስገጠመ እስከ 2,200 ዶላር። በ1980 የሶላሩ ወደ 4,000 ከፍ አለ።

ካርተር ራሳቸውም በ1979 ዋይት ሐውስ ጣራ ላይ 32 የፀሐይ ውኃ ማሞቂያዎች አስተከሉ። ያን ዕለት ታዲያ፣ ይህ ዕቃ ከአንድ ትውልድ በኋላ የሙዚየም ጌጥ ሆኖ ሊቀር ይችላል ብለው ነበር። አላበሉም! ቅናሹ በ1985 መጨረሻ አበቃ፤ ነዳጅም ረከሰ፤ ብዙ የሶላር ድርጅቶች ተዘጉ። በ1986፣ በሬገን ዘመን፣ ጣራው ሲጠገን ማሞቂያዎቹ ወረዱ፤ በዚያው ቀሩ። አንዱ ዛሬ ስሚዝሶኒያን ሙዚየም ውስጥ ተቀምጧል።

ሃያ ዓመት ቆይቶ፣ በ2005፣ ጆርጅ ቡሽ በፈረሙት ሕግ ቅናሹ ተመለሰ፤ ለሶላር 30 በመቶ። በ2022 የባይደን መንግሥት 30 በመቶው እስከ 2032 ይዝለቅ አለ። አልዘለቀም። ትራምፕ በ2025 በፈረሙት ሕግ፣ የዚያው ዓመት የመጨረሻ ቀን የቅናሹም የመጨረሻ ቀን ሆነ።

እኛን የሚከነክነን ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ቅናሹ የሚነሣው ከሚከፈል ግብር ላይ ነበር። ግብሩ ኢምንት የሆነ ሠራተኛ ምን ይቀነስለት ነበር? በሜሪላንድና በቨርጂኒያ አፓርታማ ተከራይተው የሚኖሩ ወገኖቻችንስ የየትኛውን ጣራ ሶላር ያስገጥማሉ? እርግጥ ከ1976 ጀምሮ የድሆችን ቤት በነፃ የሚያድስ ሌላ ፕሮግራም አለ። ትልቁ የግብር ስጦታ ግን ቤትም ገንዘብም ላለው ነበር።

ሁለተኛ፣ ሶላር ጣራ ላይ ከወጣ ሃያ ዓመትና ከዚያ በላይ ያገለግላል። ሕጉ ግን በየምርጫው ይወጣል፣ ይወርዳል። ይህን ቅናሽ አምኖ ድርጅት የከፈተ፣ ሙያ የተማረ ወጣት በ1985 የሆነው ደረሰበት። ቅናሹ ትንሽ ቢሆንም እንኳ፣ ቢያንስ ጣራው ላይ ያለውን ዕቃ ያህል ዕድሜ ቢኖረው እንመርጥ ነበር።