የሠራተኛዋ ቂም

ማማ የምላቸው የአሠሪዬ እናት ናቸው። እዚህ ነሲም፣ ከዓስር ሶላት በኋላ ጥቁርና ነጭ የግብፅ ፊልም ካልተከፈተላቸው ቀኑ አይመሽላቸውም። ሪያድ ውስጥ ሲኒማ ቤት ከ35 ዓመት በላይ ተዘግቶ ኖሮ የተከፈተው በኤፕሪል 2018 እ.ኤ.አ. ስለሆነ፣ የእሳቸው ትውልድ ፋተን ሐማማን የሚያውቃት ሳሎን ቁጭ ብሎ ነው። አንድ ቀን ሻይ ይዤላቸው ስገባ ፊልሙ ላይ አንዲት የቤት ሠራተኛ ለአሠሪዋ መርዝ ልታጠጣው እየተሰናዳች ነበር። ማማ ቀና ብለው መጀመሪያ እኔን አዩ፣ ቀጥሎ ብርጭቆውን። ከዚያ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ማዳም ግን አልሳቀችም።

ፊልሙ «ዱዓእ አልከረዋን» ይባላል። ከረዋን በሌሊት የምትጮህ ወፍ ናት፤ በእኛ በወሎዎች አነጋገር «የከረዋን ዱአ» ብንለው ያስኬዳል። ታሪኩን መጀመሪያ በ1934 እ.ኤ.አ. በልብ ወለድ የጻፈው ግብፃዊው ጣሃ ሑሴን ነው። በ1889 እ.ኤ.አ. ሚንያ በሚባለው አገር ተወልዶ ገና በሕፃንነቱ ዓይኑ ጠፋ። ከአዝሐር ጀምሮ ፓሪስ ድረስ ተምሮ ከ1950 እስከ 1952 የአገሩ የትምህርት ሚኒስትር ሆነ። ይህን ያህል የተማረ ሰው ታሪኩን ያስተረከው ግን በሠራተኛ ልጅ አንደበት ነው። ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ «እኔ» እያለች የምትናገረው አሚና ናት፤ የምታወራውም ለወፏ ነው። መጽሐፉን እኔ በስልኬ በአረብኛ ሲነበብ፣ ልብስ እየተኮስኩ ነው የጨረስኩት። አረብኛው ከባድ ነው፤ ያልገባኝን የቤቱን ልጅ እጠይቀው ነበር። ጣሃ ሑሴንም መጽሐፎቹን እየተናገረ ስለሚያስጽፍ በጆሮዬ መስማቴ ብዙም አልከፋኝም።

ታሪኩ እንዲህ ነው። የአሚናና የእህቷ የሀናዲ አባት በሴት ጉዳይ ይገደላል። ዘመድ አዝማድ «አሳፈራችሁን» ብሎ እናትየውን ከሁለት ልጆቿ ጋር ከቀዬው ያባርራል። ከተማ ገብተው ሁለቱም ልጆች የሰው ቤት ይቀጠራሉ። አሚና የደረሳት የሹሙ ቤት ነው፤ የሹሙ ልጅ ስትማር አጠገቧ ቁጭ እያለች እሷም ማንበብ ትማራለች። (የሰው ልጅ የቤት ሥራ ሲሠራ አጠገቡ ቆማ አረብኛ ያነበበች እህት ካለች ይህ ቦታ ይገባታል።) ሀናዲ ግን የደረሰችው ብቻውን የሚኖር የመስኖ መሐንዲስ ቤት ነው። እሱ ያባልጋታል። ይህ ሲታወቅ አጎታቸው፣ የእናታቸው ወንድም፣ ግመል ይዞ ይመጣና ወደ አገር ልመልሳችሁ ብሎ ይዟቸው ይወጣል። መንገድ ላይ በሌሊት ሀናዲን በጩቤ ገድሎ እዚያው ይቀብራታል። ያኔ ነው ወፏ የጮኸችው።

አሚና አምልጣ ከተማ ትመለሳለች። መሐንዲሱ የሹሙን ልጅ ሊያገባ ሲል ለልጅቷ እናት ነግራ ጋብቻውን ታፈርሰዋለች። ከዚያ በራሷ እግር ሄዳ እሱ ቤት ሠራተኛ ሆና ትገባለች፤ ልትበቀለው። ከዚህ በኋላ ያለው ልብ አንጠልጣይ ነው። ቀን ታጸዳለች፣ ታበስላለች፣ ማታ በሯን ትቆልፋለች። እሱ ይፈልጋታል፣ እሷ እምቢ ትላለች። እምቢ ባለች ቁጥር እሱ እየተለወጠ ይሄዳል፤ የከፋው ደግሞ እሷም እየተለወጠች መሄዷ ነው።

ፊልሙን በ1959 እ.ኤ.አ. የሠራው ሄንሪ ባረካት ነው። አሚና ፋተን ሐማማ ናት፣ መሐንዲሱ አሕመድ ማዝሐር። በ1960 በርሊን ፌስቲቫል ድረስ ሄዷል፤ መጨረሻው ላይ የሚሰማው ድምፅም የራሱ የጣሃ ሑሴን ነው። ግን ፍጻሜውን ቀይረውታል። በመጽሐፉ አሚና እውነቱን ስትነግረው መሐንዲሱ ያም ሆኖ ሊያገባት ይፈልጋል፤ አብረው ይቀራሉ። በፊልሙ አጎቷ ሊገድላት ጠመንጃ ይዞ ይመጣል፤ መሐንዲሱ ፊት ለፊቷ ገብቶ ጥይቱን እሱ ይቀበላል።

ማማ ፊልሙ ይበልጥባቸዋል፤ «ዋጋውን ከፈለ» ይላሉ። እኔ ሁለቱም አላረኩኝም። በመጽሐፉ ሀናዲ አፈር ውስጥ ሆና እህቷ ከእሱ ጋር መኖሯ ያንገበግበኛል። ፊልሙ ደግሞ ባለጌውን በአንድ ጥይት ጀግና አደረገው፤ ስንቱ አልቅሶለታል። ሆኖም ፊልሙ አንድ ነገር አስታውሷል፤ አጎትየውን። ጩቤውን የያዘው እኮ እሱ ነበር። አሚና ያን ሁሉ ቂም ቋጥራ የሄደችው መሐንዲሱ ጋ ነው።

ለምን እንደሆነ ቆይቶ ነው የገባኝ። በእኛ አገር ሰው ሲገደል ደም መመለስ አለ፣ ደም ማድረቅም አለ። ወሎ ውስጥ አባጋሮች መሃል ገብተው ያስታርቃሉ። ኦሮሞዎች ጉማ ይሉታል፤ ገዳይና ዘመዶቹ ለሟች ቤተሰብ ካሳ ከፍለው ደም የሚቆምበት ሥርዓት ነው። በ1966 ዓ.ም. ሚሼል ፓፓታኪስ የሠራው ፊልም «ጉማ» የተባለው በዚሁ ነው፤ ዛሬ አዲስ አበባ የሚሰጠው የፊልም ሽልማትም ስሙን የወሰደው ከዚያ ፊልም ነው። ይህ ሁሉ ግን ሁለት ወገን ሲኖር ነው። የሀናዲ ገዳይና የሀናዲ ለቅሶኛ አንድ ቤት ናቸው። ማን ማንን ደም ይጠይቃል? ሽማግሌስ በማንና በማን መሃል ይቀመጣል? ስለዚህ ቂሙ ውጭ ወጣ፣ ባዕድ ቤት ገባ።

እኔ ወደዚህ ስመጣ ደላላውን ቤታችን ድረስ ያመጣው የገዛ ዘመዳችን ነበር። የተነገረኝ ደሞዝና እጄ የገባው ሳይገናኝ ሲቀር ስድስት ወር ሙሉ የረገምኩት ማዳምን ነው። አንድ ቀን ውሉን አውጥታ አሳየችኝ፤ የተጻፈው የምትከፍለኝ ነው። ያንን ዘመዳችንን አምና በእህቴ ሠርግ ቪዲዮ ላይ አየሁት፤ ከሽማግሌዎቹ መሃል ተቀምጦ ይመርቃል።

የማዳምን አለመሳቅም አልፈርድባትም። በጁላይ 2013 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ሕፃናት ገደሉ ተብሎ ሳዑዲ ከአገራችን ሠራተኛ መቀበል ለጊዜው አቁማ ነበር። ያ ወሬ ዛሬም ከየቤቱ አልወጣም። በኩሽና የሚገባ ሰው እጅ ላይ ስንት ነገር እንዳለ እሷም ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ። ግን እዚህ ቤት የሚታየው ይህ ፊልም ሠራተኛዋ መርዙን ይዛ ስትንቀጠቀጥና ሳይሆንላት ሲቀር ያሳያል። ከዚያ በፊት ምን እንደደረሰባትም ያሳያል። እሱን ነው ማዳም ቁጭ ብላ ብታየው የምወደው፤ እሷ ግን መርዙ ጋ ስትደርስ ተነስታ ሄደች።

ጥያቄ ሆና የቀረችኝ እናትየው ናት። ያን ሌሊት አብራቸው ነበረች። ፊልሙ ሲደገም ማማን ጠየቅኋቸው፤ «ልጇ ስትታረድ ለምን ዝም አለች?» አልኳቸው።

«ወንድሟ ነዋ» አሉኝ። ትንሽ ቆዩና፣ «ሻዩ ቀዝቅዟል፣ ሌላ አምጪልኝ» አሉ።