ሐውልት የሌላት የወላዶች ጠባቂ

የጥንት ግሪኮች ምጥ የያዛት ሴት የምትጠራት ኢሊቲያ የምትባል አምላክ ነበረቻቸው። ምስሏንም ቀርጸውላታል። እኛ ግን ያን ያህል ሳንርቅ ከሮቤና ከጎባ ወጣ ብለን የባሌን ገጠር እንጠይቅ። በአርሲ ኦሮሞ ሴቶች ዘንድ የመውለድና የርቢ ጠባቂ አቴቴ ናት። ጣሊያናዊው ኤንሪኮ ቼሩሊም በ1922 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሥራ ስለ እርሷ ጽፏል።

አቴቴ ሐውልት የላትም። ከስሟ የማይለየው ሲንቄ ነው፤ ይኸውም እናት ለልጇ በሠርጓ ቀን የምትሰጣት ቀጭን በትር። ታዲያ በትሩ ጌጥ እንዳይመስለን! አራስ ሚስቱን የመታ ባል ከተገኘ የጎረቤት ሴቶች ሥራቸውን ጥለው፣ ሲንቄያቸውን ይዘው፣ እየጮኹ ይወጣሉ። ጥፋተኛው በሽማግሌ ፊት ይቅርታ ጠይቆ ካሣ እስኪከፍል ድረስ ወደ ቤታቸው አይመለሱም። የወጡ ሴቶችን ሰልፍ ማቋረጥም ነውር ነው።

እስልምና በባሌ ከተስፋፋ ወዲህ የአቴቴ አምልኮ ተዳክሟል፤ ሲንቄ ግን አልጠፋም። በሌላው የአገራችን ክፍልም አራስን «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እንላታለን። እምነቱ ቢለያይም ጭንቁ አንድ ነው።

ስለዚህ ጓዶች፣ «የድሮ ባዕድ አምልኮ ነው» ብለን አንለፈው። አራስን ከዱላ የሚጠብቅ ሕግ ያቆሙት ፊደል ያልቆጠሩ እናቶች ናቸው። አያቶቻችን በሕይወት ሳሉ እንጠይቃቸው እንጂ!