መስመሩ እንደ ቁጥር የተቆጠረበት ዘመን

ኤክሴል ስትከፍቱ ገጹ በቀጫጭን ግራጫ መስመሮች ተከፋፍሎ ይጠብቃችኋል። የክፍላችሁን ውጤት አስገብታችሁ ስታትሙት ግን መስመሮቹ የሉም! ቁጥሮቹ ብቻ ነጭ ወረቀት ላይ ተበትነው ይወጣሉ። "ፕሪንተሩ ተበላሸ እንዴ?" ያላችሁበት ቀን ይኖር ይሆናል። ፕሪንተሩ ምንም አልሆነም። ግራጫዎቹ መስመሮች የተሠሩት ለሚጽፈው ሰው እንጂ ለሚያነበው አይደለም። ለአንባቢው የሚሆነውን መስመር፣ ማለትም የሴሉን ጠርዝ፣ የምናሰምረው እኛው ነን። ልዩነቱ ቀላል ይመስላል። ኮምፒውተር ላይ እስኪለመድ ድረስ ግን ዓመታት ወስዷል፤ እስከዚያው ስሌት ያበላሸበት ጊዜም ነበር።

ጸሐፊዎች ይህን ልዩነት ያወቁት ከኮምፒውተር በፊት ነው። የአገራችን ቁም ጸሐፊዎች ብራናው ላይ ፊደል ከማሳረፋቸው በፊት ዳርና ዳሩን ይበሱታል። ከዚያም ከቀዳዳ እስከ ቀዳዳ ያለ ቀለም፣ በሹል መሣሪያ ተጭነው ያሰምራሉ። አንባቢው የሚያየው ቀጥ ብሎ የተጻፈውን ጽሑፍ ነው፤ መስመሩን ልብ የሚለው ጥቂት ሰው ነው። ይህ የጸሐፊው መስመር ነው።

የሰንጠረዥ መስመርስ? እሱ ደግሞ ከብራናም ይቀድማል። ከክርስቶስ ልደት በፊት 1800 ዓመት ገደማ፣ በዛሬዋ ኢራቅ ደቡባዊ ክፍል፣ አንድ ጸሐፊ እርጥብ ሸክላ ላይ ሰንጠረዥ ሠራ። ዛሬ ኒውዮርክ በሚገኘው ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የሚቀመጠው ይህ ሸክላ "ፕሊምፕተን 322" ይባላል። 4 ዓምዶችና 15 የቁጥር ረድፎች አሉት፤ ከላይም ርእስ አለው። ዓምዶቹን የሚለዩት ቁልቁል መስመሮች ወደ ሸክላው ጀርባ ዞረው ይቀጥላሉ፤ ጀርባው ላይ ግን ምንም ቁጥር የለም። ስለዚህ ጸሐፊው ሥራውን ሊቀጥል አስቦ ነበር ብለን መገመት እንችላለን። ባዶ መስመር እንኳ መልእክት አለው ማለት ነው።

አሁን ወደ ኮምፒውተሩ ዘመን እንምጣ። ዳን ብሪክሊን በሃርቫርድ የንግድ ትምህርት ቤት ተማሪ ሳለ አንድ ነገር ያስቸግረው ነበር። በእጅ በሚሠራ ሰንጠረዥ አንድ ቁጥር ከተቀየረ፣ ከእሱ ጋር የተያያዘው ሁሉ ተሰርዞ እንደገና መሰላት አለበት። እሱና ጓደኛው ቦብ ፍራንክስተን ይህን ሥራ ለኮምፒውተር ሰጡት። ቪዚካልክ የተባለው ፕሮግራማቸው እ.ኤ.አ. በ1979 አፕል 2 ለተባለው ኮምፒውተር ወጣ። በ1983 ደግሞ ሎተስ 1-2-3 ተከተለ።

በእነዚህ ፕሮግራሞች ሰንጠረዡ የሚሠራው በፊደል፣ በቁጥርና በምልክት ነበር። ታዲያ ከድምሩ በላይ መስመር የፈለገ ሰው ምን ያደርጋል? አንድ ሙሉ ረድፍ ይሠዋና ሴሎቹን በሰረዝ ምልክት ይሞላቸዋል። መስመሩ የሴሉ ጠርዝ ሳይሆን የሴሉ ይዘት ሆነ ማለት ነው።

ችግሩ የመጣው ከዚህ ነው። ሰዎች ድምር ሲሠሩ የሰረዙን ረድፍ ጭምር ክልሉ ውስጥ ያስገቡት ነበር። ምክንያት አላቸው፤ በኋላ ከሰረዙ በላይ አዲስ ረድፍ ቢጨመር ድምሩ ራሱ እንዲያካትተው ነው። ለድምር ይህ አይጎዳም፤ ሎተስ ጽሑፍን እንደ ዜሮ ይቆጥረዋል፣ ዜሮ ቢደመር ደግሞ ምንም አይለውጥም። አማካይ ሲሰላ ግን ጉድ ይፈላል። የአራት ተማሪዎች ውጤት 80፣ 90፣ 70 እና 80 ነው እንበል። ድምሩ 320፣ አማካዩ 80 ነው። የሰረዙ ሴል ክልሉ ውስጥ ከገባ ግን 320 የሚካፈለው ለ5 ነው፤ አማካዩም 64 ይሆናል! አንድም ተማሪ ሳይሳሳት፣ ለማማር የገባ መስመር ዜሮ እንዳመጣ አምስተኛ ተማሪ ተቆጠረ።

መፍትሔው መስመሩን ከይዘቱ መለየት ነበር። እንደ ማኪንቶሽ ያሉ ምስል መሳል የሚችሉ ስክሪኖች ሲመጡ ይህ ተመቸ። ኤክሴል በ1985 ለማኪንቶሽ፣ በ1987 ደግሞ ለዊንዶውስ ወጣ። ዛሬ ሴሉ የያዘው ቁጥር ለብቻው፣ መልኩም ለብቻው ይመዘገባል። የላይ፣ የታች፣ የግራና የቀኝ ጠርዝ እያንዳንዱ የራሱ ውፍረትና ቀለም ሊኖረው ይችላል። እንደፈለጋችሁ ብታሰምሩ ስሌቱ ንቅንቅ አይልም።

ማመን ካቃታችሁ ራሳችሁ ሞክሩት። አራቱን ውጤቶች ጻፉና አምስተኛው ሴል ላይ "መስመር" የሚል ቃል አስገቡ። አምስቱን ሴሎች በተለመደው የአቬሬጅ ፎርሙላ ስታሰሉ 80 ይመጣል፤ ቃሉን ያልፈዋል። የፎርሙላው ስም መጨረሻ ላይ አንድ የእንግሊዝኛ "ኤ" ጨምሩበት፤ ይኸኛው ጽሑፍን እንደ ዜሮ ስለሚቆጥር 64 ይላችኋል።

አንድ ነገር ግን አትርሱ። መስመሩ ከስሌቱ ሲለይ ኮምፒውተሩም ስለ መስመሩ ማሰብ ተወ። የሂሳብ ሠራተኞች ከመጨረሻው ድምር በታች ድርብ መስመር ያሰምራሉ፤ "ሂሳቡ እዚህ አበቃ" ማለታቸው ነው። እናንተ ያንን ድርብ መስመር ያለ ቦታው ብታሰምሩት ኤክሴል ዝም ብሎ ያሰምርላችኋል። የሚሳሳተው ወረቀቱን የሚያነበው ሰው ነው።